ክር ያልታሰረባት ጀሪካን

ነገር ሁሉ የተበላሸው ሐሙስ ዕለት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሰዓቱን የማስታውሰው የምሳ ሰዓት ስለነበረ ነው፤ ምሳውን የማስታውሰው ደግሞ በወጉ የበላው ሰው ስላልነበረ ነው።

ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ ባዶ ዕቃ ትንሽ ላውጋችሁ። የድሬዳዋን ሰው ሙሉ ዕቃ አያስቀናውም። ዘይቱ ያልቃል፤ ባዶው ግን ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ስለዚህ ጎረቤቱ ከጅቡቲ በባቡር የመጣ ዘይት በፕላስቲክ ጀሪካን ገዝቶ ሲገባ ካየ፣ ከሰላምታው በፊት «ሲያልቅ ለኔ ነው» ይላል። ቆርቆሮ ሲጠግን የኖረ ከተማ፣ የማይዝግ፣ የማይከብድ፣ ቢወድቅ የማይሰረጎድ ነገር ሲያይ ምን ያድርግ? ሥርዓት አወጣለት። ባዶው ገና ሙሉ ሳለ ይታጫል። አጪው እጀታው ላይ የራሱን ክር ያስራል፤ ከዚያ ወዲያ ያችን ጀሪካን ሌላ ሰው መንካቱ ነውር ነው። የሰው እጮኛ ማማለል የማያሳፍርባት ከተማ፣ ክር የታሰረባትን ጀሪካን ግን ቀና ብላ አታይም።

ዛሬ ደግሞ የከዚራ ወይዛዝርት ጀሪካን አጋድመው ያስቆርጡና ጽጌረዳ ይተክሉበታል፤ ለእንግዳም «የእጅ ሥራዬ ነው» እያሉ ያሳያሉ። ማን አስተማራችሁ ብላችሁ ብትጠይቋቸው ራሳቸው ናቸው። በዚህ ከተማ ሁሉም ራሱን በራሱ ያስተማረ ነው። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ የተሸወድኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ያኔ በአንድ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ነበርኩ። የግቢያችን ቧንቧ ከውሃ ይልቅ አየር ይተፋል። ተማሪዎቻችን ከሽንት ቤት ወጥተው እጃቸውን በሱሪያቸው ይጠርጉና ዳቦ ይገምጣሉ፤ በሳምንቱ የግማሹ ወንበር ባዶ ነው፣ ሆድ ቁርጠት። እኔም አሰብኩ። ጀሪካን ቂጡን ለአየር በስቶ፣ ገልብጦ መስቀል፤ ክዳኑን በስቶ ቀለሙ ያለቀበትን የእስክሪብቶ ቀፎ መሰካት፤ ቀፎውን በእንጨት መወተፍ። ውታፉን ነቀል ሲያደርጉት ውሃ በቀጭኑ ይወርዳል። ለአምስቱ ክፍል አምስት ጀሪካን ይበቃኛል።

አምስቷን ለማግኘት ሁለት ወር ፈጀብኝ። ቀፊራ ገበያ ዘይት የሚቸረችሩት አዴ ፋጡማ ዘንድ ሰማያዊ ክሬን አስሬ እመላለስ ጀመር።

«ወሪያ መምህር፣ ዛሬም መጣህ?» ይሉኛል። «ሰው ዘይት ሊገዛ ይመጣል፣ አንተ ዘይት እስኪያልቅ ልትጠብቅ። ለሚስት እንዲህ ብትመላለስ ወላሂ ይሄኔ የሦስት ልጅ አባት ነበርክ።»

«ስንት ቀራት፣ አዴ?»

«እስከ ጉልበቷ ናት። ቅዳሜ ና።»

አንድ ነገር ግን አጥብቀው ነገሩኝ። «ላምባ የያዘ ጀሪካን እንዳትወስድ። ቆርቆሮ በአመድ ሲታሽ ሽታውን ይለቃል። ይሄ ግን ይጠጣዋል፤ ብታጥበውም፣ ብታሰጣውም ያው ነው። አሽትተህ ውሰድ።» እኔም አሸተትኩ። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ በጠራራ ፀሐይ ጀሪካን ውስጥ አፍንጫውን ከትቶ ማየት የፈለገ ሁሉ ያን ሰሞን ቀፊራ በነጻ አይቷል።

ዳይሬክተራችን አቶ ታፈሰ ሥራዬን «የመምህሩ መጫወቻ» ይሉት ነበር። ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ኢንስፔክተር ሊጎበኙን ነው፤ ጥሩ ሥራ ያሳየ አንድ ሰው ደግሞ ውጭ አገር ለከፍተኛ ትምህርት ይላካል። ልቤ የት እንደሄደ መንገር አያሻኝም። የአቶ ታፈሰም ልብ እዚያው ሄዶ ኖሯል። ሰኞ መጫወቻው «የትምህርት ቤታችን ሥራ» ሆነ። ረቡዕ «የኔ ሥራ» ሆነ።

«አምስት ጎዶሎ ነው» አሉ ረቡዕ ጠዋት። «ስድስት ካልሆነ ረድፉ አያምርም።» ዘበኛውን ላኩና አንዲት ጀሪካን አስመጡ። እጀታዋ ላይ ክር የለም። በዚህ ከተማ ጀሪካን ያለ ምክንያት ሳትታጭ አትቀርም። አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ላምባ።

«ጌታዬ፣ ይህች ሽታዋን አትለቅም» አልኩ።

«አመድ የማያስለቅቀው ሽታ የለም» አሉኝ። «እናንተ ዩኒቨርሲቲ የገባችሁ አመድ የት ታውቃላችሁ?»

ቀኑን ሙሉ በአመድና በአሸዋ አሳሿት። አዲስ መስላ አብለጨለጨች። ስላብለጨለጨችም ከረድፉ ፊት፣ መጀመሪያ ላይ ሰቀሏት።

ሐሙስ ኢንስፔክተሩ መጡ። አቶ ታፈሰ «ይህን ሳወጣ ሳወርድ እንቅልፍ አጥቻለሁ» እያሉ ሲያስረዱ እኔ ከኋላ ፎጣ ይዤ ቆሜያለሁ። እንግዳው በጣም ተደነቁ። ውታፉን በገዛ እጃቸው ነቅለው ከመጀመሪያዋ ጀሪካን እጃቸውን በደንብ ታጠቡና ወደ ምሳው ገባን።

ገበታው ላይ እንደተቀመጥን ኢንስፔክተሩ «እንዲህ ያለ ጭንቅላት መጉረስ አለበት» አሉና የዶሮ ወጡን በእንጀራ ጠቅልለው ለአቶ ታፈሰ አቀረቡ። ሽታው እኔ ዘንድ የደረሰው ጉርሻው ገና በመንገድ ላይ ሳለ ነው። የአለቃን ጉርሻ እንቢ ማለት አይቻል፤ ተቀብሎ መትፋት ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። አቶ ታፈሰ አላመጡ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዋጡ። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። በአንድ ጉርሻ መለያየት ነውር ነውና ሁለተኛው ተጠቀለለ። እሱንም ዋጡ። እውነቱን ልናገር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አከበርኳቸው።

ከዚያ ኢንስፔክተሩ ለራሳቸው ጎረሱ። ቆሙ። እጃቸውን አሸተቱ።

«ያንን ዕቃ የሠራው ማነው?»

አቶ ታፈሰ ከንፈራቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ጠቆሙ። «መምህር ደርቤ ናቸው። ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ነው። እኔማ ይቅርብዎ ብያቸው ነበር።»

አንቱ ሲሉኝ ያ የመጀመሪያቸው ነው። የመጨረሻቸውም።

በሁለት ሳምንቱ «የእንግዳን ጤና አደጋ ላይ የጣለ» ተብዬ ወደ ጀልዴሳ ገጠር ተዛወርኩ። ስድስቱም ጀሪካኖች ወረዱ፤ ቁርጠቱም ተመለሰ። ለትምህርት ማን ተላከ? ሁለት የላምባ ጉርሻ ሳይከፋቸው የዋጡ ሰው ትዕግሥታቸው ተመስክሮላቸው ሄዱ። ይህን ለአዴ ፋጡማ ስነግራቸው «ክር እንደሌላት እያየህ ዝም አልክ?» ብቻ አሉኝ።

ዝም አላልኩም፤ ተናግሬአለሁ። ግን የሰማኝ የለም።

ባለፈው ወር ከጀልዴሳ መጥቼ በአቶ ታፈሰ በር አለፍኩ። ከውጭ ተመልሰው፣ ወፍረው፣ ከነእንግዶቻቸው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ከዛፉ ላይ የተገለበጠች ጀሪካን ተሰቅላለች፤ ክዳኗ ላይ የእስክሪብቶ ቀፎ አለ። አንዱ እንግዳ እየታጠበ አደነቀ። «ድሮ ትምህርት ቤት ሳለሁ ያወጣኋት ናት» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። የእጀታዋን ክር አየሁ፣ ፀሐይ አንጥቶታል እንጂ ሰማያዊ ነው።

አቶ ታፈሰ፣ ጋዜጣ እንደሚያነቡ አውቃለሁና ይህንም ያነቡታል። ጀሪካኗ የእርስዎ ከሆነች ያን ሐሙስ ለምን የኔ ሆነች? የኔ ከሆነችስ ከዛፍዎ ላይ ምን ትሠራለች? መልስዎን በጽሑፍ ይላኩልኝ። አድራሻዬ አይጠፋዎትም፤ የዝውውር ደብዳቤዬን የጻፉት እርስዎ ነዎት።