የሦስት ወር ሰርቪስ

(ሁለት ጎረቤታሞች የሚጋሩት የአራተኛ ፎቅ የኋላ በረንዳ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ ወበቁ አናት ይበሳል። ሁለት የኤሲ፣ የአየር ማቀዝቀዣ፣ የውጭ ሳጥኖች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ ታጥቦ ያብረቀርቃል፤ የቆርቆሮ ጥላ እንኳ ተሠርቶለታል። ሌላው ዝጓል፣ አቧራ ለብሷል፤ በማራገቢያው ፊት ርግብ ጎጆ ሠርታበታለች። የመዝገብ ቤት ኃላፊው፣ ሁሉን ስለሚያውቅ ሰፈሩ «ሊቁ» ያለው፣ ባልዲና ብሩሽ ይዞ ቆሟል። ጎረቤቱ ዳቦ ጋጋሪው ሽርጡን እንዳደረገ ነው።)

ሊቁ፦ ሰርቪስ በዓመት አንድ ጊዜ ያለህ ማነው? በዚህ ወበቅ?

ጋጋሪው፦ እኔ በዓመት አላልኩም ጋሼ። እኔ ጨርሶ አላስደርግም ነው ያልኩት።

ሊቁ፦ ጨርሶ! አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሰርቪስ ሳታስደርግ?

ጋጋሪው፦ እርስዎ ባሉበት እኔ ምን ሰርቪስ ያስፈልገኛል?

ሊቁ፦ (ደስ ብሎት) እሱስ ልክ ነህ። ምክሬን ብትሰማ ግን ጥሩ ነበር። ለመሆኑ ክፍልህ እንዴት ነው?

ጋጋሪው፦ ይበርዳል። ትናንት ካልሲ አድርጌ ነው የተኛሁት።

ሊቁ፦ ካልሲ! እኔ ቆዳዬን አውልቄ ብተኛ ደስ ይለኝ ነበር! በየሦስት ወሩ በገዛ እጄ የማጥበው ኤሲ ሳምንቱን ሙሉ ትኩስ ትንፋሽ ይተነፍስብኛል፣ አንተ ካልሲ!

ጋጋሪው፦ ከፈለጉ አውልቀዋለሁ።

ሊቁ፦ ስለ ካልሲው አይደለም የማወራው! እናቴ አሥር ሰዓት ላይ ትገባለች። ዕድሜዋን በብርድ አገር የኖረች ሴት ናት፤ ደም ግፊት አለባት። ሐኪሟ ሙቀት እንዳያገኛት ብሎ አስጠንቅቋል። አልመጣም ስትል የለመንኳት እኔ ነኝ። «ልጅሽ በእጁ እያጠበ የሚንከባከበው ኤሲ አለ፤ ወበቁን ሳታውቂው ትመለሻለሽ» ብዬ። አሁን ያቺን አሮጊት የት አባቴ ላስተኛት?

ጋጋሪው፦ ምናልባት ሰርቪሱ ላይ የተዘነጋ ነገር ይኖር ይሆን?

ሊቁ፦ እኔ? (ከኪሱ ማስታወሻ ደብተር ያወጣል) ስማ! «ስምንተኛ እጥበት። የፈሰሰ ውሃ፣ ሦስት ባልዲ ተኩል። የአየር ጠባይ፣ ጭጋጋማ። አስተያየት፣ እጅግ አጥጋቢ።» ይኼ የተዘነጋ ይመስልሃል?

ጋጋሪው፦ ተኩሏ ምን ሆነች?

ሊቁ፦ የቷ ተኩል?

ጋጋሪው፦ የአራተኛው ባልዲ። ግማሹ የት ሄደ?

ሊቁ፦ እግሬ ላይ ፈሰሰ! ምን ትነዘንዘኛለህ?

ጋጋሪው፦ እሺ። የውስጡንስ?

ሊቁ፦ የውስጡ አይነካም! የውስጡን የከፈተ ሰው ቅዝቃዜውን ያስወጣዋል። ፍሪጅ ተከፍቶ ሲውል ምን ይሆናል?

ጋጋሪው፦ ይሞቃል።

ሊቁ፦ አየህ? ትምህርት ማለት ይኼ ነው።

ጋጋሪው፦ እኔ ግን በየሁለት ሳምንቱ እከፍተዋለሁ።

ሊቁ፦ ምን? ሰርቪስ አላስደርግም አላልክም?

ጋጋሪው፦ ይኼ ሰርቪስ አይደለም። ያቺን ወንፊት ብቻ ነው የማጥባት።

ሊቁ፦ የምን ወንፊት?

ጋጋሪው፦ ውስጥ ያለችዋን። ዱቄት ሲነፋ የኖረ ሰው የቆሸሸ ወንፊት አይቶ ዝም ማለት ይከብደዋል። አወጣታለሁ፣ በሳሙና አጥባታለሁ፣ ጥላ ላይ አደርቃታለሁ፣ እመልሳታለሁ። ዳቦ ቤት ቢሆን አለቃዬ በየቀኑ እጠብ ይለኝ ነበር፤ ቤቴ ስለሆነ ሁለት ሳምንት እታገሳለሁ።

ሊቁ፦ እሷ ፊልትሮ ትባላለች!

ጋጋሪው፦ ስም አላት እንዴ? እኔ እኮ እስከ ዛሬ ወንፊት ነው የምላት።

ሊቁ፦ ለማንኛውም ይኼ ጨዋታ ነው። ሰርቪስ ብሩሽ አለው፣ ባልዲ አለው፣ መዝገብ አለው። ና ወዲህ። (ወደ ንጹሑ ሳጥን ይጎትተዋል) ይኼ የማን ነው?

ጋጋሪው፦ ይኼማ የ...

ሊቁ፦ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ አይደለም! እይ ዝም ብለህ። መስታወት ነው፤ ጸጉርህን ታበጥርበታለህ። ጥላውን የሠራሁት ፀሐይ እንዳይመታው ብዬ ነው። ማራገቢያው ሲዞር ስማው፤ ኮሽታ የለውም።

ጋጋሪው፦ እግዜር ይስጥልኝ።

ሊቁ፦ አንተ ደግሞ ምን አገባህና ታመሰግናለህ? ይኼኛውስ? (ወደ ዛገው ይጠቁማል) ይኼንስ ምን ትለዋለህ?

ጋጋሪው፦ ርግቧ ሁለት ዕንቁላል ጥላለች።

ሊቁ፦ ስለ ርግቧ ማን ጠየቀህ! ይኼ ውርደት ነው፤ የጎረቤት ስም ያጠፋል። እንግዳ መጥቶ ቢያይ ምን ይላል?

ጋጋሪው፦ እኔማ ዳቦ ቤት ስለ እርስዎ ሁልጊዜ አወራለሁ። ጓደኞቼ «እንዲህ ዓይነት ሰው ዛሬም አለ?» ይላሉ።

ሊቁ፦ (ለስለስ ብሎ) ምን ብለህ ነው የምታወራላቸው?

ጋጋሪው፦ የራሱን ትቶ የሰውን የሚያጥብ ብዬ።

ሊቁ፦ (አልሰማም፤ እጅጌውን ይሰበስባል) በል ጊዜ የለም። ሦስት ወሩ ዛሬ ሞልቷል፤ አጥበዋለሁ፣ እናቴ እስክትደርስ ይበርዳል። የኔን አጥፍቼ ነው የወጣሁት። ሂድና ያንተን አጥፋ።

ጋጋሪው፦ እሺ። እንደ ሁልጊዜው።

ሊቁ፦ ለምን እንደማስጠፋህ ግን ገብቶህ ያውቃል?

ጋጋሪው፦ አልገባኝም። እርስዎ አጥፋ ሲሉኝ አጠፋለሁ።

ሊቁ፦ ልንገርህ። መጀመሪያ ቀን የኔን አጥፍቼ ብመጣ ማራገቢያው ይዞራል። ደነገጥኩ። ከዚያ ተመራመርኩና ደረስኩበት። የኔን የሚያዞረው ካንተ ማሽን የሚወጣው ነፋስ ነው። ያንተ ሲጠፋ የኔም ቀጥ ይላል።

ጋጋሪው፦ (የዛገውን እያየ) ከዚህ ነው ነፋስ የሚወጣው?

ሊቁ፦ ከዚያ።

ጋጋሪው፦ ርግቧ እኮ ተኝታበታለች ጋሼ። ላባዋ እንኳ አይነቃነቅም።

ሊቁ፦ ስስ ነፋስ ነው። በዓይን አይታይም።

ጋጋሪው፦ ስሱ ነፋስ ርግቧን አልፎ ነው ያንን ትልቅ ማራገቢያ የሚያዞረው?

ሊቁ፦ ሳይንስ ነው! ዳቦ አይደለም!

ጋጋሪው፦ እንዲያው ስገምት... ይኼኛው የሚዞረው የኔ ስለሆነ አይመስልዎትም?

ሊቁ፦ ምኑ ነው ያንተ?

ጋጋሪው፦ ማሽኑ።

(ሊቁ ከት ብሎ ይስቃል። ጋጋሪው ከሽርጡ ኪስ ሪሞት ያወጣል፣ በራሱ መስኮት እጁን አስገብቶ ይጫናል። የንጹሑ ሳጥን ማራገቢያ ቀስ እያለ ይቆማል።)

ሊቁ፦ መብራት ጠፋ።

ጋጋሪው፦ የመተላለፊያው አምፖል በርቷል።

ሊቁ፦ የኤሲው መስመር ብቻ ጠፍቶ ነዋ።

(ጋጋሪው ይጫናል። ጥቂት ይጠብቃሉ። ማራገቢያው መዞር ይጀምራል። ሊቁ ሮጦ ቤቱ ይገባል፤ የራሱን ሪሞት ይዞ ይመለሳል፤ በገዛ መስኮቱ አስገብቶ ይጫናል። የዛገው ሳጥን ያቃስታል፣ ይንቀጠቀጣል። ርግቧ ተቆጥታ ትነሳለች።)

ሊቁ፦ (ባልዲውን ገልብጦ ይቀመጥበታል) እኔ... ሁለት ዓመት...

ጋጋሪው፦ ስምንት ጊዜ። መዝገቡ ላይ አለ።

ሊቁ፦ ግን እኮ በኔ መስኮት ፊት ነው ያለው!

ጋጋሪው፦ እኔ ስገባ ያንተ ክፍል ባዶ ነበር፤ ይቅርታ፣ የእርስዎ። ኤሲውን የገጠመው ሰውዬ «እዚህ ጋ ሰፊ ነው» አለና ወዲህ አደረገው። በኋላ የእርስዎን የገጠሙት የቀረ ቦታ ላይ ነው።

ሊቁ፦ ታዲያ አንተ ከይሲ! ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ትለኛለህ?

ጋጋሪው፦ ምን ልበል? ሰው በጎ ሥራ ሲሠራ «ተው» ይባላል? እኔ የሚያውቁ ነው የመሰለኝ። ውለታዎን ልመልስ ባልል የጋዝ ሲሊንደርዎን በየጊዜው በትከሻዬ ለምን አወጣለሁ?

ሊቁ፦ አክብረኸኝ ነዋ!

ጋጋሪው፦ ማክበርማ አከብርዎታለሁ። ሲሊንደር ግን በአክብሮት ብቻ አራት ፎቅ አይወጣም።

(የሊቁ ስልክ ይጠራል።)

ሊቁ፦ አቤት እማዬ... ደረስሽ እንዴ? አውቶቡስ ተራ ነሽ?... ምን?... ሹራብ? (ዓይኑን ይጨፍናል) አዎ... ያዢው። ያስፈልግሻል። (ይዘጋል) ይበርዳል ስላልኳት ሹራብ ደርባ መጥታለች። ምን ልሁን? እናቴን በገዛ ጉራዬ ልገድላት ነው እኮ!

ጋጋሪው፦ እኔ ጋ ያሳድሯቸው። ከፈለጉ ወሩንም ይቀመጡ። እኔ ዳቦ ቤት ነው የማድረው፤ ቀን ደግሞ እርስዎ ሥራ ሲሄዱ እርስዎ ጋ እተኛለሁ። ምድጃ የለመድኩ ሰው ነኝ፤ የእርስዎ ሙቀት ምንም አይለኝም።

ሊቁ፦ ተባረክ። ግን ምን እላታለሁ? ኤሲዬ ብያታለሁ፤ በእጄ የማጥበው ብያታለሁ።

ጋጋሪው፦ ያሉት ሁሉ እውነት ነው። «ልጅዎ በእጁ፣ በየሦስት ወሩ፣ ጥላ ሠርቶ የሚንከባከበው ኤሲ ይኸውልዎ» እላቸዋለሁ። ምኑ ላይ ነው ውሸቱ? «የማን ነው» ብለው ከጠየቁኝ ደግሞ «መልስ የሚፈልግ ጥያቄ አይደለም» እላለሁ።

(ሊቁ ይነሳል፤ ባልዲውን ያቀናል፣ ውሃ ይሞላል። ብሩሹን ይዞ በቀጥታ ወደ ንጹሑ ሳጥን ይሄዳል።)

ጋጋሪው፦ ጋሼ... የኔን እኮ ነው የያዙት።

ሊቁ፦ (ሳይዞር) አውቃለሁ። ዛሬ እናቴ የምታድረው ማን ጋ ነው?

ጋጋሪው፦ (ሪሞቱን ያወጣል) እንደሱ ከሆነ ይቆዩ፤ ነፋሱን ላጥፋልዎት።