ከዚያች ጉብታ ወዲያ

በየአገሩ «ቅርብ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ መንገደኛን ቀኑን ሙሉ የሚያንከራትተው መንገዱን አላውቅም ያለው ሰው አይደለም፤ ቅርብ ነው ያለው ነው። በእኛ አገር ይህን ሹመት የያዙት፣ የአቋራጭ ሁሉ ፊታውራሪ፣ አያ እንዳላማው ነበሩ።

አያ እንዳላማው በጣት አይጠቁሙም፤ በአገጫቸው ነው። አገጫቸውን ቀና ያደርጉና «ቅርብ ነው፤ ከዚያች ጉብታ ወዲያ» ይላሉ። ከዚያች ጉብታ ወዲያ ያለው ታዲያ ሌላ ጉብታ ነው። አንድ ጊዜ ሙሽራ ሊያመጡ የሄዱ ሚዜዎች በእሳቸው አቋራጭ ገብተው፣ የሙሽራዪቱ ቤት የደረሱት በማግስቱ፣ ጠላው ካለቀ በኋላ ነው። አያ እንዳላማው ሲወቀሱ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ቀስ ብለው ሄደው ነው።»

እንግዲህ እኔ ጥሩብርሃን ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ የአርባ ቀን አራስ ሆኜ እሳቸውን ተከትዬ ወጣሁ። ምን ላድርግ? ጣልያን አርበኛ ይደበቅበታል ብሎ ዱራችን ላይ እሳት ለቀቀበት፤ ቤተ ክርስቲያናችንም አብራ ነደደች። ቄሱ አባ ወልደ ሰንበት ከዱሩ ማዶ ወዳለው ሚካኤል ተሻገሩ። ልጄ ወንድ ነው፤ በአርባ ቀኑ ክርስትና መነሣት አለበት። ያውም ጭሱ ከገባበት ወዲህ ሳል አልለቅ ብሎት፣ ጡት ሲጠባ እንኳ እያቋረጠ ነው። ሳይጠመቅ ቢሞትብኝስ? እንቅልፍ የነሣኝ ይኼ ነው።

በመኪናው መንገድ እንዳልሄድ ጣልያን ኬላ ጥሎበታል፤ ባሌ ደምለው ጫካ መግባቱን ደግሞ የማያውቅ የለም። የክርስትና አባት ይሆናል የተባለው ወንድሜም አብሮት ነው። የቀረኝ የተቃጠለው ዱርና አያ እንዳላማው ብቻ!

በዋዜማው አንድ እንግዳ ዲያቆን በደጃችን ሲያልፍ ወደ ሚካኤል የሚወስደውን መንገድ እሳቸውን ጠየቃቸው። አገጫቸው ቀና አለ። «ቅርብ ነው!» እኔ በሆዴ ምስኪን አልሁ።

እኛ ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ጾም ስለሆነ ቅዳሴ የሚገባው ቀትር ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት መድረስ አለብን። ዱሩ ውስጥ ወፍ የለ፣ ጥላ የለ። አመዱ እግርን እስከ ቁርጭምጭሚት ይውጣል፤ አንዳንዱ ግንድ ውስጥ ውስጡን ገና ይጨሳል። ደከመኝ ስላቸው «ደረስን እኮ» ይሉኛል። ውሃ ስላቸው «ከዚያች ጉብታ ወዲያ ምንጭ አለ» ይሉኛል። ምንጩም ተገኘ፤ አመድ ሞልቶበት ጠቁሯል።

ፀሐይ ከፍ ስትል አያ እንዳላማው ቆሙና በመቋሚያቸው መሬቱን አሳዩኝ። «አየሽ? አየሽ? ሁለት ሰው አልፏል! መንገዱ ላይ ነን ማለት ነው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። አንደኛው ዱካ ትልቅ ነው፤ ከጎኑ መቋሚያ የወጋው ቀዳዳ አለው። ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ አውራ ጣቱ ወደ ውጭ ያፈነገጠ። እንዲህ ያለ አውራ ጣት በአገሩ ከእኔ በቀር ማንም የለውም።

ንዴቴ አንቱታውን አስረሳኝ። «አንተ ሽማግሌ! ይኼ የኔ እግር ነው! ልጄን ይዤ እዚያው በዚያው ስታዞረኝ ዋልህ አይደል?»

ቀስ ብለሽ ሄደሽ ነው ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። አላሉም። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ጥሩዬ፣ ኮሶዋ ጋ ወደ ግራ ነበር የሚታጠፈው። ከዚያ ዋንዛው ሥር አረፍ ይባልና ወይራ ወይራውን ይዞ መውረድ ነው። ዛሬ ኮሶዋም የለች፣ ዋንዛውም የለ። ሁሉም አንድ ዓይነት ግንድ ሆነብኝ። በምን ልወቀው?»

 ጀርባዬ ላይ ልጁ ማሳል ጀመረ። እኔም ተቀምጬ አለቀስሁ፤ ለልጄም፣ ለሳቸውም፣ ለዛፎቹም።

ለቅሶው ሲወጣልኝ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠላ ጋን በወይራ እያጠንሁ የኖርሁ ሴት ነኝ እኮ! ወይራ ከሰል ቢሆንም ሽታው አይጠፋኝም። ከግንድ ግንድ እየሄድሁ ከሰሉን ፈርፍሬ ማሽተት ጀመርሁ። ጽድ ነው። ይኼም ጽድ ነው። ይኼ ምኑም አይታወቅ። ብዙ ከዞርሁ በኋላ ግን፣ «ይኼ ወይራ ነው!» አልሁ።

አያ እንዳላማው ብድግ አሉ። «ጠማማዋ ወይራ ናታ! ታናሽ እህቷ ከሥሯ ናት፣ ወደ ቁልቁለቱ።» እንዲህ እያልን ወረድን፤ እኔ አሸትታለሁ፣ እሳቸው የሞቱትን ዛፎች አንድ ባንድ እያስታወሱ ይጠሩልኛል። የሁለታችንም ፊት እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። የሚካኤል ጉልላት ብቅ ሲል ወደኔ ዞሩና «ቅርብ ነው አላልሁሽም?» አሉኝ። ወይ እኒህ ሰውዬ!

ቀትር ካለፈ ቆይቷል። አለቀልኝ ብዬ ነበር የገባሁት። አባ ወልደ ሰንበት ግን ደጅ ላይ ይንጎራደዳሉ።

«ቅዳሴ አልገባንም እኮ፣ ልጄ! ቄስና ዲያቆን አምስት ልዑክ ካልሞላ አይቀደስ፤ እኛ አራት ነን። ትናንት ይመጣል የተባለው ዲያቆን የት እንደቀረ እግዚአብሔር ይወቀው።»

እኔና አያ እንዳላማው ተያየን። 

«የክርስትና አባቱስ ማነው?» አሉ አባ።

አያ እንዳላማው ጥቁር እጃቸውን ታጥበው ዘረጉ። «እኔ ነኝ» አሉ። ልጄ ተጠመቀ፤ ኃይለ ሚካኤል ተባለ። ወዲያው ዲያቆኑ ከራሱ እስከ እግሩ አመድ ለብሶ ደረሰ። «ያ ቅርብ ነው ያለኝ ሽማግሌ...» ብሎ ሲጀምር፣ አያ እንዳላማው ሕፃኑን እንደታቀፉ ከኋላዬ ተሸሸጉ። ዲያቆኑ ታጥቦ ገባ፣ ቅዳሴው ተቀደሰ፣ ልጄ ቆረበ። ሳሉም ክረምት ሲገባ ለቀቀው።

ጣልያን ከወጣ ከብዙ ዘመን በኋላ አያ እንዳላማው ታመው ተኙ። ኃይለ ሚካኤል ደብረ ማርቆስ ነበር፤ ላክንበት።

«ልጄ የት ደረሰ?» አሉኝ በደከመ ድምፅ።

መልእክቱ ራሱ ገና እንዳልደረሰው አውቃለሁ። ግን አፌ ሳይከፈት አገጬ ቀና አለ። «ቅርብ ነው፤ ከዚያች ጉብታ ወዲያ።»

ሳቁ። ውሸቱን ከማን እንደተማርሁት ያውቃሉ። «እንግዲያማ እጠብቀዋለሁ» አሉ።

ሁለት ቀን ሙሉ ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ ጠበቁት። በሦስተኛው ቀን ኃይለ ሚካኤል አቧራ ለብሶ ሲገባ እጁን ጨበጡና፣ «ቀስ ብለህ ሄደህ ነው» አሉት።