ተቀምጬ ኖር ያልኩ ዕለት

ወንበር ማለት ምን ማለት ነው? ብዙ ሰው መቀመጫ ነው ይላችኋል። ተሳስቷል። ወንበር ማለት መነሻ ነው። መቀመጥማ ድንጋይ ላይም ይቀመጣሉ፣ መሬት ላይም ይቀመጣሉ። የወንበር ሙያው ሰው እነሳለሁ ባለ ጊዜ ከነክብሩ ማስነሳቱ ነው። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልጨርስ ለባል የተሰጠሁ ሴት ነኝ፤ ግን አውቀዋለሁ። አማቼ ሮዤ የቤት ንድፍ ተምሮ፣ ዲፕሎማውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ይህን አያውቅም።

ሮዤ የትልቋ ልጄ የአልማዝ ባል ነው፤ እዚሁ ጄኔቫ ተወልዶ ያደገ ፈረንጅ። ክፋት የለበትም፤ ያለበት መጽሔት ነው። በየወሩ የቤት ማሳመሪያ መጽሔት ይመጣለታል፤ መጽሔቱ በመጣ ቀን ኦ ቪቭ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ማን እንደሚባረር አይታወቅማ! ደህናውን የምግብ ጠረጴዛ አስወጥቶ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚጠቀለልበትን ትልቅ የእንጨት መዘውር ከመንገድ ሠራተኞች ለምኖ አመጣና ብሉበት አለን። የወተት ጋን ውስጥ ጃንጥላ አስቀመጠ። የባሌን ጭራ፣ ያን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዳኛ ሆኖ ችሎት ሲቀመጥ ይይዘው የነበረውን ጭራ፣ መስታወት ውስጥ አስገብቶ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ሰቀለው። እንግዳ ሲመጣ በኩራት ያሳያል። በሰው አገር በአማች ቤት ምን ይባላል?

የመጨረሻው ግን ባሰ። ሶፋውን ሸጦ ሁለት ከረጢት ይዞ መጣ። እውነተኛ ከረጢት! ብርቱካንማ፣ ሆዱ በነጫጭ ፍሬ የተሞላ፣ እግር የለው፣ ክንድ የለው፣ ጀርባ የለው። ፑፍ ይባላል አለኝ። ይቀመጡበትና ይሰምጣሉ፤ ጉልበት ወደ ጆሮ፣ ወገብ ወደ ወለል። መጀመሪያ ቀን ሞክሬው ሮዤ በሁለት እጁ እንደ ጉድጓድ ባልዲ ጎትቶ አወጣኝ። ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም። ማድ ቤት አንዲት ባለ ሦስት እግር ዱካ ነበረች፤ እሷ ላይ ቀጥ ብዬ እቀመጥ ነበር።

አሁን ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። ትንሿ ልጄ ሰናይት አዲስ አበባ ቀርታብኛለች። የመውጫ ቪዛ ከጠየቀች ሁለት ዓመት አለፋት፤ በሄደች ቁጥር ‹‹ይታያል›› ይሏታል። በዚያ በደርግ ዘመን ‹‹ይታያል›› ማለት ሌላ ነገርም እየታየ ነው ማለት ነበር፤ እናትሽ ማን ናት፣ እህትሽ ከማን ጋር ትውላለች። እዚህ ጄኔቫ ደግሞ ‹‹ያ ቤት›› አለ። የመንግሥታችን ቤት። ስሙን አንጠራም፤ እንኳን ስሙን፣ በደጁ የሚያልፈውን ትራም አንሳፈርም። ቀበሌ የለ፣ አብዮት ጥበቃ የለ፣ ምን ያስፈራችኋል ትሉኝ ይሆናል። ፍርሃታችንን ማን ጉምሩክ ላይ ያዘብን? በሻንጣ ሞልተን አስገብተነዋል።

ታዲያ አንድ ቀን አልማዝ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። ከያ ቤት አንድ ጓድ ታፈሰ የሚባል ሊጎበኘን ነው። ቤተሰቡ ለአብዮቱ ክፉ አለመሆኑን አይቶ ደብዳቤ ከጻፈ ሰናይት ትወጣለች፤ ካልጻፈ አትወጣም። ነገሩ ይኸው ነው። ‹‹እማዬ፣ በሞቴ፣ ሲገባ ተነሺለት›› አለችኝ። እኔ ደግሞ ለዚህ ትንሽ ዕዳ ነበረብኝ። ከዙሪክ ልትጠይቀኝ መጥታ እኛው ቤት ያረፈችው ወዳጄ ወይዘሮ አስካለ ባለችበት ‹‹እነዚህ ሰዎች ባሌን የነጠቁኝ ናቸው፤ ለነሱ የሚነሳ ጉልበት የለኝም!›› ብዬ ፎክሬያለሁ። አፍ ሲፎክር ጉልበትን አያማክርም። ሌሊቱን ግን ሳሰላስል አደርኩ፤ ሲነጋ ወሰንኩ። እነሳለሁ። እንዲያውም ብድግ ብዬ እነሳለሁ። ስለ ልጄ ነው።

ጠዋት ዱካዬን ብፈልግ የለችም። ሮዤ፣ ለእንግዳው ቤቱ ያምር ብሎ፣ ብርቱካንማ ቀለም ቀብቶ በረንዳ ላይ አስጥቷታል። ቀለሙ አልደረቀም። ቆሜ መጠበቅ አቃተኝ። አልማዝ ‹‹ፑፉ ላይ አረፍ በይ፣ እንግዳው በአራት ሰዓት ነው፤ ሳይደርስ መጥቼ አነሳሻለሁ›› አለች። አረፍ አልኩ። ሰመጥኩ።

የመንግሥት ሰው ቀድሞ ሲመጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላውቅም ነበር። ደወሉ ጮኸ፤ አልማዝ ደንግጣ ወደ በሩ ሮጠች፤ ጓድ ታፈሰ በካኪ ኮት፣ ቦርሳውን ታቅፎ ከፊቴ ቆመ። ልነሳ አልኩ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ልነሳ አልኩ! በግራ ብገፋ ከረጢቱ ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ በቀኝ ብገፋ እንደ ሆድ ይንጎራጎራል። እግሬ ወደ ፊት ተዘረጋ። አፌ ግን የልጅነት ልማዱን አልረሳም፤ ሰው ሲገባ የሚለውን አለ። ጮክ ብሎ ‹‹ኖር!›› አለ።

ተነስቶ ኖር ማለት ክብር ነው። ዝም ብሎ መቀመጥ ድፍረት ነው። እግር ዘርግቶ፣ ተዘፍዝፎ ‹‹ኖር!›› ማለትስ? እሱን የሚያህል ስድብ እስካሁን አልተፈጠረም። ጓድ ታፈሰ ‹‹በእግ...›› ብሎ ጀመረና እግዜር መሻሩ ትዝ ሲለው በሳል አቋረጠው። አልማዝ ይቀመጡ ብላ ሁለተኛውን ከረጢት አሳየችው፤ እሱም እኔ የሆንኩትን አይቶ ኖሮ መቆም ይሻለኛል አለ። እንደ ተከሳሽ ቆመ፤ እኔ እንደ ዳኛ ተቀመጥኩ፤ የባሌ ጭራ ከበላዬ ቢኖር ኖሮ ችሎቱ ሙሉ ነበር። ሁለት ሦስት ነገር ጠየቀ፣ ጻፈ። ሲወጣ ‹‹እናቴ ኩሩ ነዎት›› አለኝ። በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ሙገሳ ሰው ያስቀብር ነበር። በሩ ሲዘጋ አለቀስኩ።

አስካለ ግን ይህን ሁሉ ከማድ ቤቱ በር ቆማ አይታለች። ማየቷ ባልከፋ፤ ስልክ አላት። በሳምንቱ ከጄኔቫ እስከ ዙሪክ ያለ ስደተኛ ሁሉ ‹‹በላይነሽ እግሯን በደርግ ፊት ዘርግታ ኖር አለችው›› እያለ ያወራ ጀመር። አንዱ ደውሎ እጅ ይነሳኛል፣ ሌላዋ አበባ ትልካለች። ባሞገሱኝ ቁጥር ባሰብኝ፤ ወሬው ያ ቤት ከደረሰ ሰናይት ቀረች ማለት ነው። ሐሰት ነው እንዳልል ‹‹ለካ ልትነሳ ነበር!›› ሊሉኝ ነው። ከረጢት ያዘኝ እንዳልል ደግሞ፣ እኔ በላይነሽ፣ በትራስ ተሸነፍኩ ልበል? አበባውን ተቀብዬ አስቀመጥኩ። ኩራትና ፍርሃት አንድ ላይ ሲመጡ ሰው ጀግና ይመስላል።

ቀጥሎ አስካለ ዙሪክ፣ ኦርሊኮን ሰፈር ያለው ቤቷ የማርያም ማኅበር ደግሳ ጠራችኝ። በባቡር ሄድኩ። ስገባ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሳልኝ፤ ‹‹ኖር! ኖር!›› ተባለ። አስካለ እጄን ይዛ ወደ ክብር ቦታዬ ስትወስደኝ ምን ባይ ጥሩ ነው? ከረጢት! ቡናማ፣ የእኛን የሚያህል። ‹‹ወንበርሽን ገዛሁልሽ›› አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሰላሳ ሰው እያየኝ ነው። አልቀመጥም ብል ለምን ይላሉ፤ ለምን ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? በልቤ ድንግልን ጠርቼ ተቀመጥኩ።

ቄሱ ዳቦውን ሊባርኩ መስቀላቸውን አውጥተው በስመ አብ አሉ። ቤቱ በአንድ እግር ቆመ። እኔ ብቻ ቀረሁ። በክንዴ ገፋሁ፣ በወገቤ ተንከባለልኩ፤ ከረጢቱ ካሽ ካሽ እያለ አቡነ ዘበሰማያትን አወከው። ቄሱ በአንድ ዓይናቸው አዩኝ። ደርግን ስፈራ የከረምኩ ሴት የዚያን ቀን ፍርሃት ምን እንደሆነ አወቅኩ። ደርግ ቢያንስ መሬት ላይ ነው ያለው።

ከጸሎት በኋላ እጅ ሰጥቶ ያነሳኝ አንድም ሰው የለም። በመጨረሻ ቄሱ ራሳቸው አነሱኝ፤ ‹‹ልጄ፣ ንስሐ ግቢ›› ብለው። አስካለ እስከ ጣቢያ እንኳ አልሸኘችኝም። በሳምንቱ ወሬው ተገልብጦ ደረሰኝ፦ በላይነሽ ለካ ከነሱው ናት፣ ሃይማኖት ክዳለች፣ ለጸሎት አልነሳም አለች። ስልኩም አበባውም ቆመ።

ከወር በኋላ ያ ቤት አልማዝን ጠራት። ልጄ ኑዛዜ እንደሚናዘዝ ሰው ተሰናብታኝ ሄደች። እኔ መስኮት ላይ ሆኜ ሐይቁን እያየሁ፣ በዚያች ኖር ምክንያት ሁለቱንም ልጆቼን አጣሁ እያልኩ ቆየሁ። አልማዝ ስትመለስ ግን እየሳቀች ነው። ጓድ ታፈሰ ምን አላት መሰላችሁ? መጀመሪያ ቅር ብሎን ነበር አላት። በኋላ የዙሪኩን ስንሰማ ገባን፤ እናትሽ እኛን አልናቁም፣ ለካ ለቄስም የማይነሱ፣ ሰውን ሁሉ እኩል የሚያዩ ተራማጅ እናት ናቸው አላት። ደብዳቤው ተጽፏል።

ሰናይት በዙሪክ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ገባች። አልማዝ መኪናውን ልታቆም ስትሄድ እኔ መንገደኛ የሚወጣበት በር ፊት ቆምኩ። አዳራሹ በመቀመጫ ሞልቷል፤ ለስላሳ፣ ዝቅ ያለ፣ ዘመናይ። እንዳየሁት ጀርባዬን ሰጠሁት። አውሮፕላኑ ዘገየ፤ እግሬ አበጠ፤ አልማዝ ለመነችኝ፤ ወይ ፍንክች! ለዚያች ልጅ ሳልነሳላት ልቀር? ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆምኩ። በሩ ተከፍቶ ስትወጣ ቆሜ ተቀበልኳት፤ ቆሜ አቀፍኳት። ከስንት ዘመን በኋላ ያን ዕለት ሳልፈራ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ግን ስልኩ ጮኸ። አስካለ ናት። ለካ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ኦፕፊኮን ያለ ሆቴል የሚሠራ አንድ ማኅበርተኛ እንግዳ ሊቀበል መጥቶ ከሩቅ አይቶኛል፤ ማንን እንደተቀበልኩ ግን ሰው ጋርዶታል፤ ዙሪክ ሁሉ አውቆታል አለችኝ። ‹‹አንቺ ለእመቤታችን ያልተነሳሽ፣ ከአዲስ አበባ ለመጣ ለየትኛው ትልቅ ጓድ ነው ሦስት ሰዓት ሙሉ የቆምሽው?››