የሚለወጠው ዕቃ

(ከቤቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ የመኪና መጠለያ። አንድ ግራጫ ኤስዩቪ መኪና የሾፌር በሩ ተከፍቶ ቆሟል፤ ከመሪው በታች ያለው ፕላስቲክ ተነቅሎ ገመዶቹ ተንጠልጥለዋል። ሊቁ የተባለው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ካቻቢቴ ይዟል። የባለመኪናው ሚስት ታላቅ ወንድም ሲሆን፣ የሚኖረውም በዚሁ ግቢ ጓሮ ባለችው ክፍል ነው። ሱሪው ከዘይት ብዛት የተነሣ ሰውዬው ባይኖርበትም ቀጥ ብሎ የሚቆም ይመስላል። ባለመኪናው ደብተርና እርሳስ ይዞ በአንዲት በርጩማ አጠገብ ቆሟል። ክርክሩ ስለ በርጩማዋ ነው።)

ሊቁ፦ ተነሣ አልኩህ።

ባለመኪናው፦ ኧረ ጋሼ፣ ገና መች ተቀመጥኩ?

ሊቁ፦ ጉልበትህን ስታጥፍ አይቻለሁ። በሙያችን ሥርዓት አለ፤ ባለሙያ ይቀመጣል፣ ባለጉዳይ ይቆማል።

ባለመኪናው፦ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜአለሁ እኮ። መኪናውስ አራት እግር ስላለው አይደክመውም።

ሊቁ፦ ከደከመህ እሱን ተደገፍ።

ባለመኪናው፦ በርጩማዋ የኔ ናት ብዬ ነው።

ሊቁ፦ መኪናውም ያንተ ነው። ታዲያ ጠገንከው?

ባለመኪናው፦ (ጥቂት አስቦ) አልጠገንኩትም።

ሊቁ፦ በል እንግዲህ ደብተርህን ያዝ።

ባለመኪናው፦ ይዣለሁ። ብቻ ጋሼ፣ እህትዎ ሕፃኑን ለክትባት ይዛ ስትወጣ ያለችውን ሰምተዋል። አሥር ሰዓት ላይ ተመልሳ ልጁን ስታስተኛ ይህ መኪና አንዲት ጊዜ ቢጮህ፣ ወይ መኪናው ወይ እኔ ከግቢው እንወጣለን። ስድስት ቀን ሙሉ ልጁ እንቅልፍ አላየም። እሷም አላየች። እኔማ ትናንት ዐይኔን ከድኜ ነው ጥርሴን የፋቅሁት።

ሊቁ፦ አትስጋ። መኪናው ከወጣ አንተም ውስጡ ታድራለህ። ቤተሰብ አይበተንም።

ባለመኪናው፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ሊቁ፦ (ከመኪናው የነቀለውን ጥቁር ሳጥን ከፍ አድርጎ ያሳየዋል) ይልቅ ይህን ተመልከት። መብራቱን፣ ክላክሱን፣ በሩን፣ መስኮቱን፣ የዝናብ መጥረጊያውን የሚያዝ ይህ ሞጁል ነው። እኛ ባለሙያዎች ቢሲኤም እንለዋለን። የቤቱ አዛዥ በለው።

ባለመኪናው፦ በኛ ቤት እህትዎ ናት።

ሊቁ፦ እህቴ ብትበላሽ መቀየሪያ የላትም። ይህ ግን አለው። አሮጌው አእምሮው ተነክቷል፤ ማንም ሳያዘው ይጮኻል፣ ማንም ሳይነካው መብራቱን ያርገበግባል። ስለዚህ ነቅዬ ጣልኩት፤ አዲሱን ተከልኩ፤ የአሮጌውንም ትዝታ በማሽን ወደ አዲሱ ገለበጥኩ።

ባለመኪናው፦ ያበደውን ትዝታ ነው የገለበጡት?

ሊቁ፦ ዕብደቱን ትቼ ትዝታውን ብቻ። የመኪናውን መለያ ቁጥርና የቁልፎቹን ምዝገባ። ና፣ ማሽኑ ላይ አንብብ።

ባለመኪናው፦ (ጎንበስ ብሎ) «የተመዘገቡ ቁልፎች፦ ሁለት» ይላል። አንዱ ይኸው በእጄ ነው። ሁለተኛው ጠፍቶብናል። እህትዎ ፍራሹን ሳይቀር ገልብጣ ፈልጋለች።

ሊቁ፦ መቼ ጠፋ?

ባለመኪናው፦ እርስዎ የመኪናውን የበር መብራት በሠሩልን ሰሞን።

ሊቁ፦ እንግዲህ ይህ የዕቃ አያያዝ ጉድለት ነው። በኔ ሥራ ቤት የሚጠገን መኪና ቁልፍ ከጠጋኙ ገላ አይለይም። መንጠቆ ላይ አይሰቀልም፣ ጠረጴዛ ላይ አይኖርም። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በዘመኔ አንድም ቁልፍ ጠፍቶብኝ አያውቅም።

ባለመኪናው፦ የታደሉ ነዎት። እኛማ እንዲህ ያለ ደንብ የለን።

ሊቁ፦ አሁን የምነግርህን በደንብ ስማ። ምክንያት የሚባለውን ነገር አንተ አትፈልግ፤ እሱ የኔ ሥራ ነው። አንተ ያየኸውን ብቻ ከነሰዓቱ ጻፍ። ዝንብ ብታልፍ ጻፍ። በመጨረሻ ከገጹ ግርጌ «የሚለወጥ ዕቃ» ብለህ፣ እኔ የምነግርህን ትሞላለህ።

ባለመኪናው፦ (እየጻፈ) ዝንብ አልፋለች።

(ሊቁ ባትሪውን ያገናኛል። ሁለቱም ቆመው ያዳምጣሉ። መኪናው ዝም ብሏል።)

ሊቁ፦ ሰማህ?

ባለመኪናው፦ ምንም አልሰማሁም።

ሊቁ፦ እሱን ነው የምልህ። ሙያ ማለት ይህ ነው። (በእርካታ በርጩማዋ ላይ ይቀመጣል።)

(መኪናው ይጮኻል፤ መብራቱ ሁሉ ይርገበገባል። ሊቁ ዘልሎ ይነሣል። ባለመኪናው በእጁ ያለውን ባለ ሪሞት ቁልፍ ተጭኖ ጸጥ ያሰኘዋል፤ ከዚያም ምራቁን ጣቱ ላይ ነክቶ ገጽ ይገልጣል።)

ባለመኪናው፦ (እየጻፈ) ስምንት ሰዓት ከሩብ።

ሊቁ፦ አዲስ ሞጁል ነው፤ ቤቱን አልለመደም። ንገረኝ፣ ከዚህ በፊት መቼ መቼ ነበር የሚጮኸው?

ባለመኪናው፦ መሥሪያ ቤት ወስጄው ቀኑን ሙሉ አይጮኽም። ማታ እዚህ ስንመለስ፣ እራት ሲቀርብ ይጮኻል። በተለይ እርስዎ መጥተው አብረውን ሲበሉ።

ሊቁ፦ የማታ ጤዛ ነው። ጤዛ ሽቦ ውስጥ ሲገባ እንዲህ ያደርጋል።

ባለመኪናው፦ ልጁ አንዴ ከባነነ አይተኛም እንጂ፣ ሌሊቱን ግን መኪናው ዝም ይላል።

ሊቁ፦ ሌሊት ጤዛው ይደርቃላ።

ባለመኪናው፦ (በአድናቆት) ሌሊት መድረቁን አላውቅም ነበር። እሑድ ዕለት ደግሞ ሦስታችን ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከአጥሩ ሥር አቁሜው፣ ቆመን ስንጸልይ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሰባኪው አባት «ተቀመጡና ስሙ» ሲሉ ነው የጮኸው። እሳቸውም ቆም ብለው፣ የማይቀመጥ ቢኖር ቢያንስ ዝም ይበል አሉ።

ሊቁ፦ አስታውሳለሁ። የድምፅ ማጉያው ሞገድ ነው። ሞገድና ሞጁል አይዋደዱም።

ባለመኪናው፦ እህትዎ ግን የሱሪዎ ሽታ ነው ያስጮኸው ብላኛለች።

ሊቁ፦ እሷ ስለ ሱሪዬ መናገር መቼ ትታ ታውቃለች?

ባለመኪናው፦ ስድስት ቀን ሙሉ አንድ ሱሪ ነው የለበሰው፣ አውልቆ ይስጠኝና ልጠበው፣ ካልሆነም ይቀይረው እያለች ነው። እኔም ጋሼን ደፍሬ አልናገርም አልኳት።

ሊቁ፦ ደግ አደረግህ። የሠራተኛ ሱሪ ሥራው ሳያልቅ አይለወጥም። ይህም ደንቤ ነው።

(ከመሪው ሥር ተንበርክኮ ገብቶ መሰኪያዎቹን ነቅሎ ያራግባቸዋል፤ መልሶም ይሰካል። ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ሲወጣ ፊቱ በላብ ታጥቧል።)

ሊቁ፦ አንዱ መሰኪያ ላልቶ ነበር። አለቀ። ተገላገልክ። (ይቀመጣል።)

(መኪናው ይጮኻል። ሊቁ ተነሥቶ ጎማውን በጫማው ይመታል። ባለመኪናው ያጠፋዋል፤ ይጽፋልም። በዚህ መካከል የግቢው በር ይከፈታል፤ ባለቤቲቱ የተኛ ሕፃን አቅፋ ትገባለች። ጣቷን በአፏ ላይ አድርጋ መኪናውን፣ ቀጥላም ባሏን ታመለክታለች፤ ከዚያም የግቢውን በር። ወደ ቤት ትገባለች። ከዚህ በኋላ ሁለቱም የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው።)

ባለመኪናው፦ ጋሼ፣ ልጁ ተኝቷል።

ሊቁ፦ አየሁት። አሁን የምናደርገው ትዕግሥት ነው። ቁጭ ብለን እንጠብቃለን።

ባለመኪናው፦ (በርጩማዋን ነጥቆ ደረቱ ላይ ያቅፋታል) አይቀመጡ።

ሊቁ፦ ደግሞ በበርጩማ ጀመርክ?

ባለመኪናው፦ ጋሼ፣ ደብተሩን ሳነበው አንድ ነገር ገባኝ። የተበላሸው ሞጁሉ ሳይሆን በርጩማዋ ናት።

ሊቁ፦ (ሳቁን በእጁ አፍኖ) በርጩማ ከመኪና ጋር ምን ያገናኛታል? ገመድ አላት? ባትሪ አላት?

ባለመኪናው፦ እሱን አላውቅም። ምክንያት አትፈልግ ብለውኛል። የጻፍኩትን ላንብብልዎት። «ስምንት ሰዓት ከአሥር፤ ጋሼ ቆመዋል፤ መኪናው ዝም ብሏል። ስምንት ሰዓት ከሩብ፤ ጋሼ በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ፤ መኪናው ጮኸ። ጋሼ ለረጅም ጊዜ ተንበረከኩ፤ መኪናው ዝም ብሏል። ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ፤ ጋሼ በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ፤ መኪናው ጮኸ።»

ሊቁ፦ ዝንቧስ?

ባለመኪናው፦ ዝንቧ ሁለት ጊዜ አልፋለች፤ አልጮኸም።

ሊቁ፦ አየህ፣ ያልተማረ ሰው ሁለት ነገር አብሮ ካየ አንዱ ሌላውን ወለደው ይላል። በል፣ በርጩማዋ ከሆነች አንተ ተቀመጥባት።

ባለመኪናው፦ ባለጉዳይ ይቆማል አላሉም?

ሊቁ፦ ፈቅጄልሃለሁ። ለምርምር ነው።

(ባለመኪናው በርጩማዋን በቀስታ ያኖራል፤ ዐይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። መኪናው ዝም ብሏል። አንድ ዐይኑን ይገልጣል።)

ባለመኪናው፦ ዝም አለ። (ከተቀመጠበት ይጽፋል) «አሥር ሰዓት ከአምስት፤ እኔ ተቀመጥኩ፤ መኪናው ዝም ብሏል። እግሬ አረፈ።»

ሊቁ፦ በርጩማዋ ነጻ ወጣች እንግዲህ።

ባለመኪናው፦ ነጻ ወጣች። (ጥቂት ያስባል) እንዲህ ከሆነ ጋሼ፣ የቀሩት እርስዎ ነዎት።

ሊቁ፦ ምን ማለትህ ነው?

ባለመኪናው፦ በበርጩማዋ ሲቀመጡ ይጮኻል። እራት ላይ ሲቀመጡ ይጮኻል። በስብከቱም ሰዓት ሲቀመጡ ጮኸ። ሌሊት ሱሪዎን አውልቀው ሲተኙ ዝም ይላል።

ሊቁ፦ ሠላሳ ዓመት በዚህ ሙያ ኖሬ፣ መኪናን የሚያዘው የኔ መቀመጫ ነው ልትለኝ ነው?

ባለመኪናው፦ እኔ ምንም አላልኩም። ደብተሩ ነው። ብቻ ስለ ልጁ ብለው ዛሬ ቆመው ይዋሉልኝ።

ሊቁ፦ ተነሣ። እንዲህ ያለውን አጉል እምነት በዝምታ ማለፍ ኃጢአት ነው። አሁን እቀመጣለሁ፤ ምንም አይሆንም፤ አንተም ደብተሩን ትቀድደዋለህ።

ባለመኪናው፦ ጋሼ፣ በእግዜር።

ሊቁ፦ ተነሣ አልኩህ።

(ባለመኪናው ይነሣል። ሊቁ ሱሪውን በክብር ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ይቀመጣል። መኪናው ይጮኻል፤ መብራቱ ይርገበገባል፤ አራቱም መስኮቶች ይወርዳሉ። ከቤት ውስጥ የሕፃን ልቅሶ ይሰማል። ሊቁ በግማሽ ተነሥቶ፣ ሳይቆምም ሳይቀመጥም ይቀራል። እጁ ቀስ ብሎ ወደ ሱሪው የኋላ ኪስ ይገባል፤ አንድ ባለ ሪሞት የመኪና ቁልፍ ይዞ ይወጣል። ቁልፉን ያገላብጠዋል። ባለመኪናው በራሱ ቁልፍ መኪናውን ጸጥ ያሰኛል።)

ባለመኪናው፦ ይህ የኛ ቁልፍ አይደለም እንዴ?

ሊቁ፦ (በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ) የበሩን መብራት ስሠራ... ከጠጋኙ ገላ አይለይም ብዬ...

ባለመኪናው፦ እውነትም አልተለየም።

ሊቁ፦ አሮጌው ሞጁል ደህና ነበር።

ባለመኪናው፦ አእምሮው ተነክቷል ብለው ነበር እኮ፤ አሁን ዳነ?

(ሊቁ ቁልፉን ለባለመኪናው ይሰጠዋል። ከቤት ውስጥ የባለቤቲቱ ድምፅ ይሰማል፤ ወይ መኪናው ወይ አንተ ብዬ ነበር፣ ማን ነው የሚወጣው ትላለች።)

ባለመኪናው፦ (ወደ ቤቱ ዞሮ) ሁለታችንም አንወጣም። ብልሽቱ ተገኝቷል፤ ብቻ ውኃ ጣጂ። (በርጩማዋን ስቦ ይቀመጣል፤ እግሩን ዘርግቶ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ያኖራል።) ጋሼ፣ ግርጌው ላይ «የሚለወጥ ዕቃ» የሚለው ባዶውን ቀርቷል። ምን ብዬ ልሙላው?

ሊቁ፦ (ቆሞ፣ ዐይኑን ወደ መሬት ጥሎ) ሞጁል በል እንጂ።

ባለመኪናው፦ ያየኸውን ብቻ ጻፍ ብለውኛል። (እርሳሱን አሹሎ፣ ፊደሉን እየጠበቀ በጥንቃቄ ይጽፋል) «የሚለወጥ ዕቃ፦ ሱሪ።»