የሁዳዴ የሙዚቃ ዜና

ሁዳዴ ሲገባ ሥራ የሚፈታው ሉካንዳ ቤት ብቻ ይመስላችኋል። ተሳስታችኋል። ሥጋ ሻጩማ ቢላዋውን ስሎ ያስቀምጥና ዘመድ ጥየቃ ይወጣል፤ ፋሲካ ሲደርስ ደንበኛው እየተጋፋ ይመጣለታል። በሁዳዴ ክፉኛ የሚጎዳው፣ ማንም ግን አይዞህ የማይለው ፍጡር ስለ ሙዚቃ የሚጽፍ ሰው ነው።

እኔ እንዲህ ያለው ፍጡር ነበርኩ። አዲስ አበባ ለሚታተም አንድ ጋዜጣ «ጥበብ በከተማው ዙሪያ» የሚል ጽሑፍ በየወሩ አቀርብ ነበር። ከተማው አዲስ አበባ ነው፤ ዙሪያው ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ። የጋዜጣው ሠራተኛ ነህ ወይ ብትሉኝ አይደለሁም። ቢሮ የለኝም፣ ወንበር የለኝም፣ ደመወዝ የሚባል ነገር ከሩቅ ነው የማውቀው። ጽሑፍ ይዤ ስሄድ ጋዜጠኛ እባላለሁ፤ ሳልይዝ ስሄድ ዘበኛው እንኳ ማንን ፈልገህ ነው ይለኛል።

በሌላው ወር ሥራዬ ክፉ አልነበረም። ጥር ላይ ሠርጉ ስለሚበዛ ከየት እንደምጀምር ግራ ይገባኛል። ሰበታ መሰንቆ መቺዎቹ ጠጅ ቤት ለጠጅ ቤት ይዞራሉ፤ ቡራዩ መምህራኑ ተሰብስበው ቴያትር ያጠናሉ፤ አንድ አናጢ ደግሞ ከቀለም ቆርቆሮ ክራር ሠርቶ፣ ድምፁ እንደ ክራር ሳይሆን እንደ ቆርቆሮ መሆኑን ስነግረው ሁለት ወር ተኳርፈናል። ሱሉልታ ፈረሰኞቹ በበዓል እየዘፈኑ ሲወርዱ ለማየት ከእንጦጦ ማዶ ድረስ ሰው ይጎርፋል። የጥበብ ሰው ሁሉ አንድ ጠባይ አለው፤ ስለ እሱ የተጻፈውን ሳይሆን ስለ ጎረቤቱ የተጻፈውን ነው የሚለካው። ለቡራዩ አንድ መስመር ካስረዘምኩ ሰበታ ሰላምታ አላገኝም። እኔ ደግሞ የሰበታ ሰው ነኝ፤ ሰላምታ ያጣሁት በገዛ ሰፈሬ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ግን ሁሉም ጭጭ አለ። ሰበታ መሰንቆው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ባለቤቱ ጌሾ ሲወቅጥ አገኘሁት። ቡራዩ ቴያትሩ ለዳግማይ ትንሣኤ ተላልፏል፤ ምክንያቱን ብጠይቅ፣ ጨካኙን ባላባት ሆኖ የሚጫወተው መምህር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾም መቆጣት አቅቶታል አሉኝ። ወደ አዘጋጁ ሄጄ፣ ጌታዬ በጾም ማን ይዘፍናል፣ የዚህ ወር ቢቀርስ አልኩት። አዘጋጁ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ ሰው ይጾማል፣ ገጹ ግን አይጾምም አለኝ። እንግዲህ ምን ትላላችሁ?

የቀረችኝ ሱሉልታ ነበረች። አውቶቡስ ተሳፈርኩ፣ እንጦጦን ተሻገርኩ፣ በዚያ ሜዳ ላይ ስወርድ ነፋሱ ኮቴን ሊገፍፈኝ ደረሰ። ገበያው አካባቢ ስዞር ያገኘሁት ድርቆሽ የጫኑ አህዮችን ብቻ ነው። ልመለስ ስል ግን ከወንዙ ማዶ አንድ የሴት ድምፅ ሰማሁ። ይህን ድምፅ እንዴት ልንገራችሁ? ቆሜ ቀረሁ። ከፍ ይልና ይንቀጠቀጣል፣ ይወርድና በኦሮምኛ ይቀጥላል፣ እንደገና ባማርኛ ይነሣል። እግሬ እኔን ሳያማክር ወደዚያ ሄደ።

ለቅሶ ቤት ነበር። ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ የታወቁ ባለ መሬት አርፈው፣ ድንኳኑ ሞልቶ፣ እትዬ ጫልቱ የምትባል አልቃሽ መሃል ቆማ ሙሾ ታወርዳለች። ወግ ነውና ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ እርሳሴን አወጣሁ። አዎ፣ ለቅሶ ላይ። አትፍረዱብኝ፤ ገጹ አይጾምም።

በወሩ መጨረሻ ጽሑፌ ወጣ። በበኩሌ ከጻፍኳቸው ሁሉ እሱን የሚያህል አልነበረም። በሦስቱ ከተሞች እንደ እትዬ ጫልቱ ያለ ድምፅ እንደሌለ፣ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ስትሻገር ድልድዩ እንደማይታይ፣ ይህን ሁሉ ጻፍኩ። ግን ጽሑፍ ሙገሳ ብቻ ከሆነ አንባቢ አያምንም አይደል? ስለዚህ መጨረሻው ላይ አንዲት ትንሽ ነቀፋ ጣል አደረግሁ፤ «የሟቹ ለጋስነት ሲወሳ ግን ከለቀስተኛው ዓይን እንባ አልወጣም» አልኩ። እውነት ነበር። ለጋስነታቸው ሲነሣ ሰዉ እርስ በርሱ ሲተያይ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጋዜጣው ሱሉልታ የሚደርሰው በአውቶቡስ ነው። መንገድ ዳር የሚሰፋ አንድ ልብስ ሰፊ አለ፤ ጋዜጣውን አውቶቡስ ለሚጠብቀው ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። ያቺ መስመር ላይ ሲደርስ ሁለቴ አነበባት ተብያለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ሰበታ ድረስ እንግዶች መጡብኝ። ከፊት ኦቦ ጉደታ የሚባሉ ሽማግሌ፣ ቀጥሎ የሟች ልጅ አቶ ደቻሳ፣ ከኋላ እትዬ ጫልቱ። ኦቦ ጉደታ አካም ጅርታ ብለው ጀመሩና የእኔን ጤና፣ የእናቴን ጤና፣ የሰፈሩን ደኅንነት፣ ቀጥሎም የሌሉኝን ከብቶች ደኅንነት ጠየቁኝ። ከብቶቼ ደኅና መሆናቸውን ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ ነገሩ ገቡ።

አቶ ደቻሳ ቁጣው ገንፍሎ ነበር። አባቴ አልተለቀሰላቸውም ብለህ ለአገር አወጅህ፣ ከእንግዲህ በማን ፊት እቆማለሁ አለኝ። እኔም የጻፍኩት ስለ ጥበቡ እንጂ ስለ ሟቹ እንዳልሆነ ላስረዳው ሞከርኩ። ለቅሶ ጥበብ ነው እንዴ ብሎ ወደ ሽማግሌው ዞረ።

የእሱስ ቁጣ ያልፋል። ያላለፈልኝ የእትዬ ጫልቱ ነገር ነው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጄ፣ እኔ መሬት የለኝ፣ ባል የለኝ፣ በሬዬ ይህ ጉሮሮዬ ነው አለችኝ። ጽሑፉ ከተነበበ ወዲህ ሱሉልታ ሰው ሞቶ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተነሥታ ስትደርስ፣ ከጫንጮ ሌላ አልቃሽ አስመጥተው ጠበቋት። እንባ የማታወጣ አልቃሽ ማን ይጠራል ተባለች። ስለ ድምፅዋ የጻፍኩት ያ ሁሉ ምስጋና የት ሄደ? ማንም አላስታወሰውም። እኔ በዚህ አዘንኩ፤ ከልቤ ነው የምላችሁ። በማግስቱ አዘጋጁ ዘንድ ሄጄ ማስተካከያ እንጻፍ ስለው፣ ጋዜጣ ስም ያርማል፣ ቀን ያርማል፣ እንባ ግን አያርምም ብሎ መለሰኝ።

ሽማግሌው ግን ፍርዳቸውን ያን ዕለት፣ እኔው ቤት ተቀምጠው ሰጥተው ነበር። የኦቦ ቶሎሳ አርባ ከሆሳዕና በፊት ይወጣል። በዚያ ቀን እንደ ዘገየ ለቀስተኛ ሆኜ እንድመጣ፣ እትዬ ጫልቱ እንድታወርድ፣ እኔም አገር እያየ ከደጅ ጀምሮ እንዳለቅስ። እኔ ካለቀስኩ ሟቹም ተለቀሰላቸው፣ አልቃሽዋም እንባ አወጣች፤ ነገሩ ባንድ እንባ ተከደነ። ሰው በፍርድ እንዴት ያለቅሳል አልኩ። አቶ ደቻሳ፣ ያሻህን የምትጽፍ ሰው ማልቀስ ምን ያቅትሃል አለኝ። ሽማግሌው ደግሞ ወዳጄን፣ ወዳጄን እያልኩ እንድገባ መከሩኝ፤ ሰው ሟቹ ምኑ እንደሆነ እየተናገረ ነውና የሚያለቅሰው።

በቀጠሮው ቀን ግማሽ ቀይ ሽንኩርት በመሐረብ ጠቅልዬ ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። እንባዬን አውቀዋለሁ፣ በቀላሉ አይመጣም። ከአውቶቡስ ስወርድ የበልግ ዝናብ ጠበቀኝና ጭቃውን እየረገጥኩ፣ ጫማዬ ውኃ እየጠጣ ደጁ ደረስኩ። ወዳጄን ብዬ ጀመርኩ። ድምፄ ለራሴም አሳፈረኝ። ሽንኩርቱን ላወጣ እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ፣ ሁለት የሟች ዘመዶች ዘለው ክንዴን ከግራና ከቀኝ ያዙኝ። ለቀስተኛ ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል ይያዛል፣ ወግ ነው። እኔ ራሴን የመጣል አሳብ አልነበረኝም፤ የምፈልገው ኪሴን ነበር። ማን ይልቀቀኝ?

እንዲህ ተይዤ መሃል አቆሙኝ። ሕዝቡ የሚያየው ዓይኔን ነው። አቶ ደቻሳ ዓይኔን ያያል፤ ኦቦ ጉደታ ዓይኔን ያያሉ። ዓይኔ ደረቅ ነው። እትዬ ጫልቱም አየችው። ያዘጋጀችውን ተወችና፣ ቁልቁል ጫማዬን አይታ እንዲህ አወረደች፦

ተነሣ ቶሎሳ በሩን ክፈትለት፣
እንግዳህ ቆሟል እግሩ እንደ ራሰበት።

ምን ነካኝ? እስከ ዛሬ በቅጡ አላውቀውም። አባቴ የሞተ ጊዜ ድንኳን የተከልኩ፣ አግዳሚ ወንበር የተዋስኩ፣ ንፍሮ ያስቀቀልኩ፣ ሰው የተቀበልኩ እኔ ነበርኩ፤ የበኩር ልጅ ነኛ። አላለቀስኩም፤ ጊዜ አልነበረኝም። አባቴ ክረምት ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጅ ወጥቶ ይጠብቀኝና፣ ሌላ ነገር ሳይናገር በፊት ጫማህን አውልቅ ይለኝ ነበር። ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ መጣብኝ። አባቴን አልኩ። አባቴን፣ አባዬን እያልኩ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ወዳጄን የሚለው ምክር ከየት ትዝ ይበለኝ? ያዢዎቼ አሁን በእውነት ያዙኝ። ድንኳኑ በሙሉ ተነሥቶ አለቀሰ፤ አቶ ደቻሳ እንኳ ግንባሩን ከምሰሶው ጋር አላትሞ አለቀሰ።

ለቅሶው ሲበርድልኝ ደስ ብሎኛል፤ ቀለል ብሎኛል። ፍርዴን ፈጽሜያለሁ ብዬ መሐረቤን ሳወጣ ሽንኩርቱ መሬት ላይ ወደቀ፤ ማንም ልብ አላለውም። ሰዉ የሚያየው ሌላ ነገር ነበር። ሴቶቹ ጆሮዬን እያዩ ይንሾካሾካሉ። ጆሮዬ ወደ ውጭ ገንጠል ያለ ነው፤ የኦቦ ቶሎሳም እንዲሁ እንደነበረ ያን ጊዜ ማን ነገረኝ? የሟች ባለቤት እማማ ብርቄ ጠጋ ብለው ተቀመጡና፣ ረጋ ባለ ድምፅ፣ ልጄ፣ እናትህ የየት አገር ሰው ናት ብለው ጠየቁኝ። የሰበታ ናት አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እሱም በሬ ሊገዛ ሰበታ ይሄድና እየዋለ እያደረ ይመጣ ነበር አሉ። ከሌማቱ የምስር ወጡን ወደ እኔ ገፉልኝ።

በሦስተኛው ቀን አቶ ደቻሳ ሰበታ መጣ። ብቻውን ነው። መጀመሪያ የመጣ ጊዜ አንተ ያለኝ ሰው አሁን አንቱ አለኝ፤ ወንድሜ ላለማለት ደግሞ በጣም ይጠነቀቃል። ሱሉልታ የሚወራውን ነገረኝ፤ ኦቦ ቶሎሳ ሰበታ ልጅ ነበራቸው፣ ልጁም መሬቱን ሊካፈል በአርባው መጣ፣ አባቴን ብሎ ሲያለቅስ አገር ሰምቷል እየተባለ ነው። ያለቀስኩት ለራሴ አባት ነው አልኩት። እኔ አምናለሁ፣ አገሩ ነው የማያምን አለኝ። ላቡን ጠረገና፣ አንድ ነገር ብቻ ጋዜጣው ላይ ይጻፉልኝ ብሎ ለመነኝ። ምን ልጻፍ? እትዬ ጫልቱ ድንጋይ የምታስለቅስ አልቃሽ መሆኗን፣ እኔም ባዳ ሆኜ ሳለሁ የሙሾዋ ኃይል ብቻ አባቴን እንዳሰኘኝ። አዘጋጁ እንባ እንደማያርም ነገርኩት።

ስለዚህ ሥራውን ራሱ ያዘው። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከገበያ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አቶ ደቻሳ ስለ እትዬ ጫልቱ መሰከረ። እሷ ካወረደች የማታውቀው መንገደኛ እንኳ የሟች ልጅ ይሆናል አለ። ልብስ ሰፊውም አገዘው፤ ዘመዶቹ ሁሉ አገዙት። ወይ አልቃሽዋ ተወዳዳሪ የላትም፣ ወይ አባታቸው ሌላ ልጅ አላቸው፤ ሁለቱን መዝነው የትኛው እንደሚሻላቸው ያውቁ ነበር። እኔ ሙሉ ገጽ ብጽፍላት ይህን ያህል አልጠቅማትም። እትዬ ጫልቱን ከፋሲካ በፊት ቡራዩ ድረስ ጠሯት፤ ቀድሞ ምትክ የመጣባት ጫንጮም ሳይቀር በቅሎ ልኮ ወሰዳት። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጉንጬን ሳመችኝና፣ አንተ ግን ለቅሶዬ ላይ ለጊዜው እንዳትመጣ፣ ሌላ ቤተሰብ ደግሞ ታስደነግጥብኛለህ አለችኝ።

አገሩ ሁሉ አመነ። እማማ ብርቄ ብቻ ናቸው ያላመኑ መሰለኝ፤ የፋሲካ ዋዜማ ከሱሉልታ አንድ ቅል ቅቤ ላኩልኝ፣ ለልጁ ስጡልኝ ብለው። እናቴ ቅሉን ከፍታ አሸተተችና፣ እንዲህ ያለ ቅቤ ማን ላከልህ አለችኝ።

አንባቢ ነው አልኳት።