የፈረንሳይን ላሞች ከፓርክ ያስወጣሁ ዕለት

ሐኪም ሲታመም፣ ዳኛ ሲከሰስ፣ አስጎብኚ ሲጎበኝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የሦስቱም ፊት አንድ ነው። ሐኪሙ መርፌ ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዳኛው ገና ክሱ ሲነበብ "ይህማ ግፍ ነው" ይላል፤ አስጎብኚው ደግሞ ሌላ ሰው ሲያብራራለት ቆሞ መስማት አይችልም፤ ጣቱ ተራራ ለመጠቆም ይበላዋል። እኔ ሦስተኛው ነኝ። ደባርቅ ተቀምጬ ስንትና ስንት ፈረንጅ በስሜን ተራራ፣ ከቡይት ራስ ሽቅብ ቁልቁል አመላልሻለሁ። ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ ያወራሁትን ያህል ስለ ዘመዶቼ አውርቼ አላውቅም። እንዲህ ያለው ሰው ፈረንሳይ ገጠር ሄዶ "በስተቀኝህ የምታየው…" ሲባል ምን እንደሚሰማው እኔን ጠይቁኝ። እነግራችኋለሁ፤ ብቻ ለአባቴ እንዳትነግሩብኝ።

ፈረንሳይን ምን አገናኘህ ትሉኝ ይሆናል። ማዳም ኮሌትና ባሏ ዤራር የሚባሉ ጡረተኞች ናቸው ያገናኙኝ። ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት ስሜንን ሳስጎበኛቸው ማዳም እግሯ ወለም ብሎባት በበቅሎ ጭኜ አውርጃት ነበር። ያቺን በቅሎ እስከ ዛሬ አልረሳቻትም፤ በየዓመቱ ስትጽፍ በመጀመሪያ የበቅሎዋን ጤንነት፣ ቀጥሎ የእኔን ትጠይቃለች። በኋላ መንገዱ ተዘግቶ የጎብኚ ዘር ሲጠፋ፣ እኔም አስፋልት ለአስፋልት ስንከራተት፣ "አሁን ተራው የእኛ ነው፤ ና አገራችንን ጎብኝ" ብላ ቲኬት ላከችልኝ። አስጎብኚ ሥራ ሲፈታ ጎብኚ ይሆናል ማለት ነው። በቅሎዋ አልተጋበዘችም።

ልሄድ ስል አባቴን ተሰናበትሁ። እዚህ ላይ ስለ አባቴ ካልነገርኋችሁ የቀረው ሁሉ አይገባችሁም።

አባቴ ተወልደው ያረጁት አሁን ፓርክ በሆነች መንደር ነው። መንደሯ ወደ ፓርኩ አልገባችም፤ ፓርኩ ነው ወደ መንደሯ የገባው። ከዚያ አንድ ቀን "ሣሩ አለቀ፣ ዋልያው ተሰደደ፣ ጎብኚ ሰው ሊያይ አይመጣም፤ ስለዚህ ተነሡ" ተባለ። ገበሬው እንቢ አለ። ሰው ለማስነሣት የተቋቋመው ኮሚቴ ታዲያ ምን መላ መታ መሰላችሁ? "ፈረንጅ የሚያውቅ የሰፈሩ ልጅ ያስረዳቸው" አለና እኔን መረጠ። ዋልያ የተሳለበት ኮፍያ ሰጡኝ። ሰው በኮፍያ ይደለላል? ይደለላል። በዚያ ላይ አምኜበት ነበር፤ ይኸው ነው የሚያንገበግበኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ቆምሁና ኮፍያዬን አስተካክዬ "በፈረንጅ አገር ፓርክ ውስጥ ሰው አይኖርም! ከብት ዝር አይልም! የሠለጠነው ዓለም እንዲህ ነው!" ብዬ ተናገርሁ። ፈረንጅ አገርን ያየሁት በፖስት ካርድ ብቻ ነበር። በፖስት ካርድ ላይ ደግሞ፣ ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ሰው የለም። ጉባኤው አጉረመረመና ዞሮ ወደ አባቴ አየ። አባቴ ብድግ አሉና "ልጀ ዋሽቶኝ አያውቅም። ፈረንጆችን የሚያውቃቸውም እሱ ነው። ዓለሙ ሁሉ እንዲህ ካደረገ እኛ ምን ቤት ነን?" ብለው ከሁሉ ቀድመው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ፈረሙ። የቀረውም ሰው ተከተላቸው።

አሁን ደባርቅ ዳር፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ከብቱን ማሰማሪያ ስለሌለ በአንድ ሳምንት ሸጡት። ቀን ቀን አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ ይቀመጡና እንደ ከብት መኪና ያግዳሉ። ያግዳሉ ያልሁት በቀልድ አይደለም። ከጎንደር የሚመጣውን ቀይ አይሱዙ "ዛሬስ ዘገየ፤ ምን አገኘው?" ይላሉ፤ ባጃጆቹን ደግሞ እንደ ጥጃ ይቈጡአቸዋል። አንድም ቀን ወቅሰውኝ አያውቁም። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት የሚባለው እኔና አባቴን ነው።

ስሰናበታቸው ታዲያ እጄን ይዘው፣ "አንድ አደራ አለኝ። ያንን ሰው የሌለበትን ፓርክ እይልኝ። አየሁት በለኝና ልረፍ" አሉኝ።

ሄድሁላችሁ። የእነ ኮሌት መንደር ስም ሲጻፍ ረጅም፣ ሲጠራ አጭር ነው፤ ፈረንሳዮች ከሚጽፉት ፊደል ግማሹን ለጌጥ ነው የሚያስቀምጡት። በመጀመሪያው ቀን ግንብ ወሰዱኝ። ግንቡ መልካም ነው፤ ግን ጎንደር ለተማረ ሰው ግንብ ብርቅ ነው? የባላባቱ አልጋ በገመድ ታጥሮ ቆሟል። ማዳም ኮሌት ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እዚህ አልጋ ላይ ንጉሡ አንድ ሌሊት አድሯል" አለችኝ። አንድ ሌሊት! እኛ አገር ንጉሥ ድንኳን ያልተከለበት ኮረብታ ቢገኝ ነው ገመድ የሚያስፈልገው። አድናቆቴን ግን በጨዋ ደንብ ገለጽሁ፤ እኔም ስንቱን ድንጋይ አስደንቄበት የኖርሁ ሰው ነኝና የሙያ ባልደረባ አላሳፍርም።

በሁለተኛው ቀን ያረጀ ቤተ ክርስቲያን አሳዩኝ። በሩ ላይ ስደርስ ጫማዬን አወለቅሁ፣ መድረኩን ተሳለምሁ። ማዳምም ይህን ስታይ እንግዳ እንዳይከፋው ብላ ጫማዋን አወለቀች። ዤራርም አወለቀ። ውስጡ ቄስ የለ፣ ዲያቆን የለ፣ ምእመን የለ፤ ሦስታችን ብቻ በባዶ እግር በረዶ በመሰለ ድንጋይ ላይ እየተንቀጠቀጥን ዞርን። በማግሥቱ ማዳም ጉንፋን ያዛት። ቤተ ክርስቲያኑን ጠብቀው ሰዉን አጥተዋል፤ በልቤ ግን "እዚህም ሰው የለም፤ ለአባቴ የምነግረው አገኘሁ" እያልሁ ደስ ይለኝ ነበር። ክፉ ሰው አይደለሁም፤ ማምለጫ የሚፈልግ ሰው ነበርሁ።

በሦስተኛው ቀን ፓርክ ተባለ። ማዳም ስለታመመች ዤራርና እኔ ብቻ ሄድን። መኪናውን አቁመን ሰፊ ካርታ የተለጠፈበት ሰሌዳ ጋ ስንደርስ እኔ ቆምሁ። ዤራር መንገድ ጀመረ፤ እኔ አልተንቀሳቀስሁም። ምን ሆንህ ቢለኝ ስካውቱን እየጠበቅሁ ነው አልሁት። እኛ ዘንድ መሣሪያ የያዘ ስካውት ሳይከተል ፓርክ መግባት የለም። ዤራር ከማን እንደሚጠብቀን ጠየቀኝ። ስካውት ሳንይዝ ገባን። ጀርባዬን እየበረደኝ ነበር የምሄደው።

ደግሞስ ውበቱ! አበባው በየዓይነቱ፣ ሣሩ ጉልበት የሚደርስ፣ ጫካው በሩቅ ጠቁሮ ተኝቷል። "ይኸው አባየ፣ አንድ ሰው የለም!" ልል ስል ከጉብታው ማዶ ምን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ላም። አንዲት ቀይ ላም። ከኋላዋ ሌላ። ከዚያ ሌላ ሰባት ስምንት። አንገታቸው ላይ ቃጭል አስረው፣ ያንን ለዓለም የተከበረ ሣር እንደ ቤታቸው ይግጡታል።

አስጎብኚ እንደ ወታደር ነው፤ የለመደውን ሳያስብ ያደርጋል። ከብት ፓርክ ከገባ ይወጣል፤ ለዚህ እኮ አባቴን ያህል ሰው ከብቱን ከፍሏል! ዤራር ፎቶ ሊያነሣ ወደ ገደሉ ጠጋ ባለበት፣ ዱላ አነሣሁ፣ በጣቴ አፏጨሁ፣ "ሀይ! ሀይ! ውጭ!" እያልሁ ተከተልኋቸው። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ? ላሞቹ አማርኛ ባይሰሙም ዱላ ይሰማሉ። የእንጨቱን በር ከፈትሁና አንድ ሳላስቀር አስፋልት ላይ አወጣኋቸው። መኪናው ወዲያና ወዲህ ተሰልፎ ጥሩምባውን ያንባርቃል። እኔ መሐል መንገድ ላይ ዱላዬን ተደግፌ፣ ፈረንሳይን ከከብት አድኜ፣ ኰርቼ ቆሜያለሁ።

ከታች ካለው የድንጋይ ቤት አንድ ሽማግሌ የጎማ ቦት ጫማ አድርገው እያለከለኩ ወጡ። አይቈጡም፤ ግራ ገብቷቸዋል። ላሞቻቸውን ለምን እንዳስወጣሁ ጠየቁኝ። "ፓርክ ስለሆነ ነዋ!" አልሁ። "አዎ ፓርክ ነው" አሉ። "ፓርክ ውስጥ ደግሞ ከብት አይገባም" አልሁ። ሽማግሌው ዤራርን አዩት፤ ዤራር ካሜራውን ያይ ጀመር።

ላሞቹን አብረን መለስን። እግረ መንገዳችንን ሽማግሌው በእርጋታ አስረዱኝ። እርሳቸውም፣ አባታቸውም፣ አያታቸውም እዚህ ፓርክ ውስጥ ነው የተወለዱት። ላሞቹ ካልጋጡት ቁጥቋጦው አበባውን ይውጠዋል፤ ስለዚህ ከብታቸውን እንዳይቀንሱ ፓርኩ ራሱ ይለምናቸዋል፣ ይደጉማቸዋል። ጎብኚውም ቢሆን የሚመጣው አበባውንም ላሞቹንም የእርሳቸውንም አይብ ብሎ ነው። በመጨረሻ፣ መቼ ነው የምትነሡት አልኋቸው። ጥያቄው አልገባቸውም። ደገምሁት። "ተነሥተን ወዴት?" አሉኝ።

ወዴት! አባቴ ይህን ጥያቄ ጥድ ሥር ቢጠይቁኝ ኖሮ እኔም መልስ አልነበረኝም። አልጠየቁኝም፤ ልጃቸው ነኝና አመኑኝ። እዚያ ሜዳ ላይ በሰው አገር እንባዬ መጣ። ሽማግሌው ስለ ላሞቹ አፍሬ የማለቅስ መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ ከአንዷ ላም አንገትም ቃጭሉን ከነጠፍሩ ፈትተው "ለማስታወሻ" ብለው ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ ያሳዩኝን አላስታውስም። ሌላም ግንብ ነበር፤ አንድ እንደ ሙሽራ ፀጉር የተከረከመ የአትክልት ቦታም ነበር። ሁሉም አላፊ ነው።

ደባርቅ ስገባ አባቴ ድንጋያቸው ላይ ነበሩ። ተሳሳምን፣ ጤና ተጠያየቅን፤ ከዚያ "እህ? አየኸው?" አሉኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ያዘጋጀሁት እውነት ነበረኝ። ፊታቸውን ሳየው አልወጣም አለ። "አየሁት አባየ። ሰው የለም፤ ከብትም የለም" አልሁ።

አባቴ ያርፋሉ ብዬ ነበር። ጭራሽ ደነገጡ። "ምስኪኖች! የት አሰፈሯቸው?" አሉ። ይህን አላሰብሁበትም ነበር። "አስፋልት ዳር" አልሁ። "ቤቱስ? ቆርቆሮ ነው?" "ቆርቆሮ ነው።" "እዚያም ቆርቆሮ!" ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ውሸት እንደ ከብት ነው፤ አንዷ ከወጣች መንጋው ይከተላል። ከወሬው ልሸሽ ብዬ ቃጭሉን አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ካንድ ገበሬ ነው፣ ከድሮው የቀረው ነው አልሁ። አባቴ ቃጭሉን አላቃጨሉም። ጠፍሩን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት፤ ገና ትኩስ የላም ጠረን ነበረው። የተጣበቀበትን ቀይ ፀጉር በጥፍራቸው ነቀል አድርገው በብርሃን አዩት። ቀዩ አይሱዙ አለፈ፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም።

"ወረቀት አምጣ" አሉኝ በኋላ። "ለዚያ ሰውየ ልጻፍለት። አንተ በቋንቋው ትገለብጥልኛለህ።" ድንጋዩ ሥር ተቀመጥሁና የነገሩኝን ጻፍሁ፦

"ይድረስ ለወንድሜ ለባለ ቃጭሉ። ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ላሞችህን እንዳስወጡብህ ልጀ ነገረኝ። የእኔንም አስወጥተውብኛል። የመጀመሪያው ክረምት ይከፋል፤ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንቅልፍ አይሰጥም። ኋላ ይለመዳል። አስፋልት ዳር ስትቀመጥ ፀሐይ እንዳይመታህ በስተግራ በኩል ሁን። ተነሥ ብሎ የመከረህ ልጅህ ከሆነ ግን አትቀየመው፤ የነገሩትን ነው የነገረህ። እውነቱን ያየ ዕለት ደግሞ፣ አንተ ሳትጠይቀው እሱ ራሱ ይነግርህ ይሆናል።"

"ጨረስህ?" አሉኝ። ጨረስሁ አልኋቸው። "በል ላክለት" ብለው ቃጭሉን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

ደብዳቤውን አልላክሁትም። ለባለቤቱ ደርሶታል።