የነፋስ ዋስ

እኛ ዘንድ ከማኪና ፍሬን በፊት የነበረ ፍሬን አለ፤ «በሕግ አምላክ!» ይባላል። ሁለት ጎረምሶች ዱላ ተማዝዘው ሳለ አንድ ሰው ይህን ቃል ካሰማ የተነሣው ዱላ እዚያው አየር ላይ ይቀራል። የሮጠ ይቆማል፤ የተቆጣ ይቆማል፤ ምንም ያላጠፋ እንኳ ለይሉኝታ ሲል ይቆማል። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይላሉ አባቶች። እኔ ጎንደር ከተማ ሥነ ዜጋ አስተማሪ ነኝና ይህን ተረት ለተማሪዎቼ እየጠቀስሁ ብዙ ጠመኔ ጨርሻለሁ። አንድ ነገር ግን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ተረቱ ስለ ውሃ ይናገራል እንጂ ስለ ነፋስ ያለው ነገር የለም።

ይህን የተረዳሁት ጎርጎራ ነው፤ ጣና ዳር፤ በወንድሜ ሰበብ።

ታናሽ ወንድሜ ይበልጣል ቀይ ባሕር ማዶ ካለ አንድ ሆቴል ለዓመታት ሠርቶ መጣ። ሰው ከውጭ ሲመለስ ቴሌቪዥን ይዞ ይገባል፤ እሱ ይዞ የገባው አንድ ሳንቃና የአንድ ድንኳን ያህል ጨርቅ ነው። ካይት ይሉታል። ጨርቁ ሲነፋ የክንፍ ቅርጽ ይይዝና ሰማይ ላይ ይወጣል፤ ሰውየው ሳንቃው ላይ ይቆማል፤ ወገቡ በረጃጅም ገመዶች ከክንፉ ጋር ይታሰራል። ከዚያ ነፋሱ ክንፉን፣ ክንፉ ሰውየውን እየጎተተ ውሃው ላይ ያንሸራትተዋል። «ምነው፣ ጀልባ ጠፋ እንዴ?» ማለታችሁ አይቀርም። እኔም ብያለሁ።

«እታለም፣ ይኸ መሄጃ አይደለም፤ መጫወቻ ነው» አለኝ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር፣ አልሁ በሆዴ።

የሱ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር። ጎርጎራ ላይ ተቀምጦ ለሚመጡ እንግዶች ይህን ጨዋታ ሊያስተምር አስቧል። የጣና ዳርቻው ሰዎች ከፈቀዱለት አገሩ ይቀራል፤ ካልፈቀዱለት ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። እናታችን ካረፈች ወዲህ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ፈቃዱን ከሱ ይልቅ የምመኘው እኔ ነበርሁ ብል አልዋሸሁም።

ትምህርት ቤት ለዕረፍት በተዘጋ ሰሞን አብሬው ወረድሁ። ያ የባሕር ዳርቻ ማንም ያልጻፈው ሥርዓት አለው። ከብት የሚጠጣው በዚያ በኩል ነው፤ ልብስ የሚታጠበው በዚህ በኩል፤ መካከሉ የታንኳ መውጫና መግቢያ ነው። ማንም በማንም አይደርስም። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከባሕሩ ሲነሣ ይበልጣል ክንፉን ዘረጋ፤ ሰዉም ሥራውን ትቶ ከበበው። የሺ የምትባል ልብስ አጣቢ ጨርቁን በዐይኗ ለካችና፣ «ይኸ ስንት አንሶላ ይወጣዋል!» አለች። ከፍ ሲልላት ደግሞ፣ «ወንድም፣ በዚያው ካረግህ ለኛም ለምንልን!»

«ራቅ በሉ! ከክንፉ ሥር አትቁሙ!» ይላል እሱ። «ገመዱ ሲወጠር ቢላዋ ነው!»

የብስ ላይ ላለው ሁሉ ነገረ። ውሃው ላይ ላለ ሰው የነገረ አልነበረም።

እንደ ሸጋ ፈረሰኛ ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ። ልቤ ሞቀ። የሺ እንኳ ሳታስበው አጨበጨበች። ሦስተኛው ላይ ዳሩን ከሸፈነው የደንገል ሣር ጀርባ አንድ ታንኳ ብቅ አለች፤ እንጨት የጫኑት የዚያው መንደር ታንኳ ቀዛፊ አያ ፈንታ ናቸው፤ ፊታቸውን ወደ መውጫው አዙረው ይቀዝፋሉ። ወንድሜ በፍጥነት እየመጣ ነው፤ ዐይኑ ሰማይ ላይ፣ ክንፉ ላይ ነው። ሁለቱንም የማየው እኔ ብቻ ነኝ። እና ምን አደረግሁ? አምሳ ተማሪ ጸጥ በማሰኝበት ድምፄ፣

«በሕግ አምላክ!» አልሁ።

ወንድሜ ሰማ፤ ግን ምን ያድርግ፣ የሚነዳው ነፋሱ ነው። የሺ ሳሙናዋን ይዛ ቆመች። ከብት የሚነዳው ሰው ቆመ። አያ ፈንታም፣ ሕግ አክባሪ ሰው ናቸውና፣ መቅዘፊያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ቆሙ።

ልክ መንገዱ ላይ።

ይበልጣል ታንኳዋን ያያት ያን ጊዜ ነው። ወገቡ ላይ ያለውን ማላቀቂያ ሳበና ውሃው ውስጥ ተዘረገፈ። ጌታውን የጣለው ክንፍ በአያ ፈንታ አናት ላይ አለፈ፤ ገመዱ ባርኔጣቸውን ነጥቆ ደንገል ውስጥ ጣለው፤ ክንፉ ራሱ የሺ ባሰጣችው ልብስ ላይ ወድቆ ነጩን ሁሉ ከጭቃ ጋር አስታረቀው። ሰው አልተጎዳም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ እኔ ያን ጊዜ ስላላወቅሁ ነው።

አያ ፈንታ ባዶ ራሳቸውን ወደ የብስ ወጡ። «በሕግ ያለኝ ማነው?» አሉ።

በሕግ ብሎ ያቆመ ሰው ክሱን መናገር አለበት፤ ደንቡ ነው። ሰዉ ሁሉ ውሃ የሚንጠባጠበውን ወንድሜን ያያል። እሱም፣ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ዝም ብል ኖሮ በዚያው ያልቅ ነበር፤ የወንድሜም አገር የመቅረት ተስፋ አብሮ። ሕሊና ግን ጫማ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር ነው፤ ቆማችሁ ካልሆነ አይወጣም።

«እኔ ነኝ፣ አያ» አልሁ።

«ምነው? ምን በደልሁሽ?»

«እርስዎን አይደለም፤ እሱን ላስቆም ብዬ ነው።»

«እሱ መች ቆመ! ባልቆም እኮ አልፌልሽ ነበር!»

የሺ በጭቃው ልብስ መካከል ሆና በሳቅ ፈረሰች። እኔ መሳቅ አልቻልሁም።

የአካባቢው ሽማግሌዎች ተጠርተው ዳርቻው ላይ ካለ ዋርካ ሥር ተቀመጥን። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ተባለና ከሥሩ ተጀመረ። ክንፉ ከደንገሉ ወዲያ፣ ሰውም ከብትም ከማይደርስበት እንዲነሣ፤ እንጀራ የሚፈልግ ታንኳ እንዲያልፍ፣ የሚጫወት እንዲጠብቅ፤ ልብሱን ወንድምና እህት አብረው እንዲያጥቡ ተፈረደ። ይበልጣል ሁሉንም እሺ አለ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ግን አልተነሡም።

«ዋስ ጥራ» አሉት።

«ለኔ?»

«አንተንስ አምነንሃል። ለነፋሱ ነው።»

ማን ለነፋስ ዋስ ይሆናል? ከዚያ ዐይን ሁሉ አንድ በአንድ ወደኔ ዞረ።

«በሕግ ብላ የጠራችው እሷ አይደለች?» አሉ አያ ፈንታ። «ትያዘው እንጂ!»

ወንድሜ አየኝ። ያቺን አስተያየት ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውቃታለሁ። እሺ አልሁ።

ይኸው እሱም አገሩ ቀረ፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎንደር በአዘዞ አድርጌ በሚኒባስ እወርዳለሁ። ዋና የማልችል ሴት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ውሃ እጠብቃለሁ። ታንኳ ብቅ ሲል ነጠላዬን አውለበልባለሁ፤ ወንድሜ ክንፉን ያወርዳል። ቃል አይወጣኝም። አያ ፈንታ ግን አጠገቤ ሲደርሱ መቅዘፊያቸውን አንሥተው፣ «ልለፍ ወይስ በሕግ ነው?» ሳይሉ አልፈው አያውቁም።

ክፉው ቀን ነፋስ የጠፋ ዕለት ነው። ባለፈው ቅዳሜ ባሕሩ እንደ ሳህን ተኝቶ ዋለ። ይበልጣል ክንፉን ታቅፎ፣ ከጎኑም እንግዶቹ ተደርድረው፣ ከወዲያ የሺ አልደርቅ ያለ ልብሷን ይዛ፣ ሦስት አራት ሆነው ወደ ድንጋዬ መጡ። የተሰወረ ባለዕዳን ማቅረብ የማን ግዴታ እንደ ሆነ ለሥነ ዜጋ አስተማሪ አይነገራትም።

«ዋስ!» አለችኝ የሺ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «በይ ነፋስሽን አቅርቢዋ!»